ናሙና ከተወሰደ በኋላ፦ የጡት ምርመራ ውጤት የመጠበቅ ታሪክና የጋይንት መንገድ

በሕክምና ታሪክ ላይ የሚቀርቡ ጽሑፎች በአብዛኛው የሚያወሱት ስለ ግኝቶች ነው። ማይክሮስኮፕ መቼ ተሠራ፣ ማደንዘዣ በማን ተሞከረ፣ ቀዶ ሕክምና እንዴት እየተሻሻለ መጣ የሚሉት ጥያቄዎች በብዙ ጸሐፍት ተዳስሰዋል። መርፌው ከተነቀለበት ሰዓት አንሥቶ የውጤቱ ወረቀት እስኪደርስ ድረስ ያሉት ቀናት ግን የራሳቸው ታሪክ እንዳላቸው እምብዛም አይታሰብም። ይህ ጽሑፍ ከጡቷ ናሙና የተወሰደላት ሴት ውጤቷን የምትጠብቅበት ጊዜ እንዴት እንደ ተፈጠረ፣ በምን ዓይነት ክርክር መብት እንደ ሆነ፣ በምሥራቅ ደቡብ ጎንደር፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ምድር ደግሞ ምን መልክ እንደ ያዘ ለማሳየት ይሞክራል።

በቅድሚያ መታወቅ ያለበት፣ በሰው ልጅ ረጅም ታሪክ ውስጥ ለአብዛኛው ዘመን እንዲህ ያለ የመጠበቂያ ጊዜ ጨርሶ አለመኖሩ ነው። በሽታው ራሱን በራሱ እስኪገልጥ ድረስ የሚያውቀው አልነበረም፤ ከተገለጠም በኋላ የሚጠበቅ ውጤት አልነበረም። ግሪካዊው የታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ እንደሚተርከው፣ የፋርስ ንጉሥ የዳርዮስ ሚስት አቶሳ ጡቷ ላይ እባጭ ወጣባት። እባጩ ትንሽ ሳለ ከኀፍረት የተነሣ ለማንም ሳትናገር ደብቃ ያዘችው። እየሰፋ በሄደ ጊዜ ግን ዴሞኬዴስ የተባለውን ግሪካዊ ሐኪም አስጠርታ አሳየችው፤ እርሱም እንደ ፈወሳት ተጽፏል። እባጩ ምን ዓይነት እንደ ነበር ዛሬ ማንም ሊናገር አይችልም። ለእኛ የሚጠቅመን ፈውሱ ሳይሆን መደበቁ ነው። በዘመኗ ከነበሩት ሴቶች ሁሉ በላይ ሐኪም ማስጠራት የምትችል ንግሥት፣ ደረቷን ላለማሳየት ስትል ዝም ብላ ተቀመጠች። በገጠር ጤና ጣቢያ ያገለገለች ነርስ አቶሳን ሳታውቃት የምትቀር አይመስለኝም።

ሁለተኛው ምሳሌ ከዚያ እጅግ የቀረበ ነው። እንግሊዛዊቷ ደራሲ ፋኒ በርኒ እ.ኤ.አ. መስከረም 30 ቀን 1811 በፓሪስ ያለ ማደንዘዣ ጡቷ ተቆርጦ ወጣ። ማደንዘዣ በሕክምና ላይ ሊውል ገና ከሠላሳ ዓመታት በላይ ይቀረው ነበር። ቀዶ ሕክምናውን ያደረገው የናፖሊዮን የጦር ሠራዊት ሐኪም ዶሚኒክ ዣን ላሬ ነው። በርኒ ለእኅቷ በጻፈችው ረጅም ደብዳቤ እንደ ገለጸችው፣ ሐኪሞቹ የቀዶ ሕክምናውን ቀን አስቀድመው ሊነግሯት አልፈለጉም፤ ያወቀችው ጥቂት ሰዓታት ሲቀሩት ብቻ ነበር። ሐሳባቸው ግልጽ ነው፤ ቀኑን እየቆጠረች ከምትሠቃይ ሳታስበው ይድረስባት የሚል ነው። ይህ ሐሳብ ለእኛም እንግዳ አይደለምና ወደ በኋላ እንመለስበታለን። በርኒ ከዚያ በኋላ 28 ዓመታት ያህል ኖራ እ.ኤ.አ. በ1840 ዓለፈች። የተቆረጠው ነገር በእርግጥ ካንሰር መሆኑን ግን በማይክሮስኮፕ ያየው የለም።

ፎርማሊንና ጊዜ

ጀርመናዊው ዮሐንስ ሙለር እ.ኤ.አ. በ1838 ስለ እባጮች ረቂቅ አሠራር ጽፎ ካሳተመ በኋላ፣ የእባጭን ጠባይ በዓይንና በመዳሰስ ብቻ መወሰን እንደማይበቃ እየታወቀ ሄደ። ባዮፕሲ የሚለውን ቃል እ.ኤ.አ. በ1879 ያስተዋወቀው ፈረንሳዊው የቆዳ ሐኪም ኤርነስት ቤኒዬ ነው። ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ለርእሳችን የሚቀርበው ግን ፌርዲናንድ ብሉም የተባለው ሰው እ.ኤ.አ. በ1893 ያሳወቀው ነገር ነው፤ ይኸውም ፎርማሊን ሥጋን ከመበስበስ ጠብቆ እንደሚያቆይ ነው። ከዚያ ወዲህ ከሰው አካል የተቆረሰ ቁራጭ መንገደኛ ሊሆን ቻለ። ሐኪሙ በአንድ ከተማ፣ መርማሪው በሌላ ከተማ፣ ታማሚዋ ደግሞ በሦስተኛ ስፍራ ሊሆኑ የሚችሉበት ዘመን የተከፈተው በአንዲት ብልቃጥ ነው ማለት ይቻላል።

ብልቃጧ ደርሳም ሥራው በአንድ ጊዜ አይፈጸምም። ናሙናው በፎርማሊን ውስጥ ቢያንስ ስድስት ሰዓት መቆየት አለበት። ከዚያ ውስጡ ያለው ውኃ ደረጃ በደረጃ በአልኮል ይወጣል፤ በዛይሊን ይጠራል፤ በቀለጠ የፓራፊን ሰም ይሞላል፤ ሰሙ ሲደርቅ ከሦስት እስከ አምስት ማይክሮን ውፍረት እየተደረገ በስለት ይቆረጣል፤ በሂማቶክሲሊንና በኢዮሲን ይቀለማል፤ በመጨረሻም ይነበባል። ሁሉ ነገር በተሟላበት ቤተ ሙከራ እንኳ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይፈጃል። ታማሚዋ ይህን ብታውቅ ቀኑ ባይቀርላትም፣ የዘገየው ነገሩ ክፉ ስለ ሆነ ነው ብላ እንዳታስብ ይረዳት ነበር።

ይህን ጊዜ ለማሳጠር የተደረገው ሙከራ የራሱ የሆነ አስገራሚ ታሪክ አለው። በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ዊልያም ዌልች እ.ኤ.አ. በ1891 ለቀዶ ሐኪሙ ለዊልያም ሃልስተድ ናሙናን በማቀዝቀዝ አጠንክሮ ወዲያው ለማንበብ ሞከረ። እ.ኤ.አ. በ1905 ደግሞ በሜዮ ክሊኒክ ሉዊስ ዊልሰን ዘዴውን ለዕለት ተዕለት ሥራ አበቃው። ዊልሰን የመጀመሪያዎቹን ናሙናዎች በክረምቱ ብርድ በመስኮት ላይ አስቀምጦ እንዳቀዘቀዛቸው ይነገራል፤ የጉና ተራራን ነፋስ ለሚያውቅ የጋይንት ሰው ይህ ለማመን የሚከብድ አይሆንም። ውጤቱም በደቂቃዎች ውስጥ የሚደርስ ሆነ።

ሆኖም እነዚያ ደቂቃዎች ታማሚዋ በማደንዘዣ የተኛችባቸው ደቂቃዎች ነበሩ። የምርመራ ወረቀቱ ለቀዶ ሐኪሙ ይደርሳል፤ ካንሰር ነው ከተባለ እዚያው፣ ሳትነቃ፣ ጡቷ ከሥሩ ካለው የደረት ጡንቻና ከብብቷ ዕጢዎች ጋር ይወጣል። ሴቲቱ ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል ስትገባ የምትፈርመው ለሁለቱም ነበር። ስትነቃ መጀመሪያ የምታደርገው እጇን ወደ ደረቷ መላክ ነበር። ይህ አሠራር ለሰባ ዓመታት ያህል በብዙ አገሮች እንደ ደንብ ቆየ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ባለቤት ቤቲ ፎርድ እ.ኤ.አ. መስከረም 28 ቀን 1974 የታከሙት በዚሁ መንገድ ነው፤ ናሙናውም ቀዶ ሕክምናውም በአንድ ማደንዘዣ ተፈጸመ።

በዚያው ዓመት በዋሽንግተን አካባቢ የምትኖር ሮዝ ኩሽነር የምትባል ጋዜጠኛ ጡቷ ላይ እባጭ አገኘች። ኩሽነር ሁለቱ ነገሮች በአንድ ማደንዘዣ እንዲፈጸሙ አልቀበልም ብላ ተከራከረች። መጀመሪያ ውጤቱ ይነገረኝ፣ ከዚያ አስቤ ልወስን የሚል ነበር ጥያቄዋ። የብዙ ሐኪሞች መልስ፣ መዘግየቱ በሽታውን ያሠራጫል፣ ደግሞም ሴቲቱን በጭንቀት መግደል ነው የሚል ነበር። ኩሽነር መጽሐፍ አሳተመች፣ ጻፈች፣ ተሟገተች። በመጨረሻም የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት እ.ኤ.አ. በ1979 የጠሩት ጉባኤ፣ ኩሽነርም ራሷ የጉባኤው ዳኞች አባል ሆና በተቀመጠችበት፣ ናሙናውና ሕክምናው በሁለት የተለያዩ ጊዜያት ቢደረጉ እንደሚሻል ወሰነ። ኩሽነር እ.ኤ.አ. በ1990 በዚሁ በሽታ አረፈች።

እንግዲህ ዛሬ ብዙዎች እንደ ሥቃይ ብቻ የሚመለከቱት የመጠበቂያ ጊዜ፣ ከሃምሳ ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ በክርክር የተገኘ ነገር ነው። ሴቲቱ ነቅታ፣ ልብሷን ለብሳ፣ ከሰው ጋር ተማክራ የምትወስንበት ጊዜ ነው። ይህ ማለት ጊዜው ቀላል ነው ማለት አይደለም። ኤልቪራ ላንግና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ ናሙና ከተወሰደላቸው ከአምስት ቀን በኋላ ቁርጥ ያለ ውጤት ያልደረሳቸው ሴቶች ኮርቲሶል የተባለው የጭንቀት ሆርሞን መጠን፣ ካንሰር እንዳለባቸው ከተነገራቸው ሴቶች ጋር ተመሳሳይ የሆነ መዛባት እንደሚታይበት አሳይተዋል። አለማወቅ በሰውነት ላይ የሚያደርሰው ነገር ክፉውን ከማወቅ አያንስም። የማጣሪያ ምርመራ በተስፋፋባቸው አገሮች ከሚወሰዱት የጡት ናሙናዎች ከአምስቱ አራቱ ያህል ካንሰር አለመሆናቸውን ስናስብ፣ ስንት ሴቶች በከንቱ እንደሚጨነቁ መገመት ይቻላል።

ከጉና ወዲያ

ይህ ሁሉ ሲሆን ጋይንት የት ነበር? በቀድሞው የበጌምድርና ስሜን ጠቅላይ ግዛት ጋይንት አንድ አውራጃ ነበር፤ ዋና ከተማውም ንፋስ መውጫ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ስለ ሆነች ስሟን ያገኘችው በከንቱ አይደለም። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በንፋስ መውጫ አልፎ፣ በጨጨሆ በር ወደ ወልድያ የሚዘልቀው መንገድ ከ1960ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በቻይና ርዳታ የተሠራ ነው፤ ሕዝቡም የቻይና መንገድ ይለዋል። ከዚያ በፊት ሐኪም ለማየት ደብረ ታቦር መድረስ የእግርና የበቅሎ ጉዞ ነበር። በደብረ ታቦር የአድቬንቲስት ሚስዮን ከጣሊያን ወረራ በፊት የሕክምና ሥራ መጀመሩ ይታወቃል።

በአካባቢው የዘመናዊ ሕክምናን አቅጣጫ የወሰነው ግን በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ነው። ኮሌጁ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን አሠልጥኖ በየአውራጃው ወደሚገኙት ጤና ጣቢያዎች ይልክ ነበር፤ የመጀመሪያው የማሠልጠኛ ጤና ጣቢያም በደንቢያ፣ በቆላ ድባ ነበር። የጋይንት ሴት እባጯን ለመጀመሪያ ጊዜ የምታሳየው ለእንዲህ ያለው ባለሙያ ነበር። ባለሙያው ሊዳስስ፣ ሊጠረጥር፣ ሊልክ ይችላል፤ ማይክሮስኮፑ ግን ለሳንባ ነቀርሳና ለወባ ካልሆነ በስተቀር አያገለግለውም። የሕክምና ትምህርት ቤት ያለ ፓቶሎጂ ሊያስተምር አይችልምና፣ እ.ኤ.አ. በ1978 በላይፕሲግ ዩኒቨርሲቲ ትብብር በጎንደር የሐኪሞች ሥልጠና ሲጀመር ናሙና በቅርብ ሊነበብ የሚችልበት በር ተከፈተ። ከዚያ በፊት የነበረው ተስፋ አዲስ አበባ ብቻ ነበር።

በሀገራችን የመጠበቂያውን ጊዜ ከሁሉ ይበልጥ ያሳጠረው ውድ መሣሪያ ሳይሆን ቀጭን መርፌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 በኒው ዮርክ የተሞከረው፣ በኋላም በስዊድን ሐኪሞች የዳበረው በቀጭን መርፌ ናሙና የመውሰድ ዘዴ ሰምም ስለትም አይሻም። የተቀዳው ነገር በመስታወት ላይ ተቀብቶ፣ ደርቆና ተቀልሞ በዚያው ቀን ሊነበብ ይችላል። ርካሽ በመሆኑም በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የጡት እባጭ የመጀመሪያ ምርመራ ሆኖ ቆይቷል። ይሁን እንጂ የሚያነበው ፓቶሎጂስት ከሌለ መርፌው ብቻውን ምንም አይናገርም። በሀገሪቱ ያሉት ፓቶሎጂስቶች ቁጥር ከሕዝቡ ብዛት ጋር ሲነጻጸር እጅግ አነስተኛ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው ዓለም አቀፍ ግምት መሠረት በዓመት ወደ 16,000 የሚጠጉ ኢትዮጵያውያን ሴቶች አዲስ የጡት ካንሰር ይያዛሉ።

ስለዚህ ከስማዳ ወገዳ ወይም ከታች ጋይንት አርብ ገበያ የተነሣች ሴት ፓቶሎጂስት ወዳለበት ሆስፒታል፣ ይኸውም ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ጎንደር ትጓዛለች። ከንፋስ መውጫ ባሕር ዳር ብቻ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ናሙናው ሲወሰድ የአልጋ ኪራይና የምግብ ገንዘቧ አብሮ ያልቃል። ዘመድ ካላት ትጠጋለች፤ ከሌላት ወደ ቀዬዋ ተመልሳ ለውጤቱ ዳግመኛ ትመጣለች። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ራሷ ወይም ወንድሟ ናሙናውን በብልቃጥ ይዘው በአውቶቡስ ይጓዛሉ። እዚህ ላይ ለባልደረቦቼ አንድ ነገር ላስታውስ፦ ከ72 ሰዓት በላይ በፎርማሊን የቆየ፣ ወይም በደንብ ባልተዘጋጀ ፎርማሊን የተነከረ ናሙና ካንሰር መሆኑ ቢነበብበት እንኳ፣ ለሆርሞን መድኃኒት ምላሽ ይሰጥ እንደ ሆነ የሚያሳየው ምርመራ ሊበላሽበት ይችላል። ብልቃጡ ላይ ቀንና ሰዓት መጻፍ ለዚህ ነው።

መንገዱም ሁልጊዜ ክፍት አይደለም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ንፋስ መውጫ ለጥቂት ቀናት በትግራይ ኃይሎች ተይዛ በነበረችበት ጊዜ ሆስፒታሉ ተዘርፎ አገልግሎቱ ተቋርጦ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልሉ የተቀሰቀሰው ግጭትም መንገዶች በተደጋጋሚ እንዲዘጉ አድርጓል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ቀጠሮ ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ ለማንም አይጠፋም።

ነቀርሳ፣ ቀጠሮና መርዶ

የውጤቱ ወረቀት ሲደርስ ሌላ ችግር ይጠብቀዋል፤ ቋንቋ። ነቀርሳ የሚለው ቃላችን ሁለት በሽታዎችን ተሸክሞ ኖሯል። የሳንባ ነቀርሳ ስንል በባክቴሪያ የሚመጣውን፣ በስድስት ወር መድኃኒት የሚድነውን በሽታ ማለታችን ነው፤ የጡት ነቀርሳ ሲባል ግን ሰሚው የሚረዳው ካንሰርን ነው። ነገሩን ይበልጥ የሚያወሳስበው፣ በባክቴሪያ የሚመጣው ነቀርሳ ራሱ አልፎ አልፎ ጡት ላይ ወጥቶ ካንሰር መምሰሉ ነው። ሁለቱን የሚለያቸው ይኸው የሚጠበቀው ናሙና ነው። ስለዚህ «ነቀርሳ ነው» የሚል መልስ ብቻውን መልስ አይደለም። ካንሰር የሚለው የውጭ ቃል ባይጥመንም ቢያንስ አንድ ነገር ብቻ ይናገራል። ብዙ ሰዎች ግን ሁለቱንም ላለመጥራት «ያ ክፉ በሽታ» ይሉታል።

ስለ ቀጠሮም እንዲሁ። «ውጤቱ ሲደርስ እንነግርዎታለን፣ እማማ» የሚለው አነጋገር ትሕትና የተሞላበት ቢሆንም መጨረሻ የሌለው ነው። በጋይንት ገበሬ ዘንድ ቀን የሚቆጠረው በገበያ ቀንና በበዓላት ነው። «የጥቅምት መድኃኔ ዓለም በዋለ በማግሥቱ ይምጡ፤ ባይደርስ እንኳ ለምን እንዳልደረሰ እንነግርዎታለን» ቢባል ሴቲቱ ልትይዘው የምትችለው ነገር አገኘች። እስከዚያ ስለቷን ትሳላለች፣ ጸበሏን ትጠመቃለች፣ እንዝርቷን ታሾራለች። ጸበሉን ከሕክምናው ጋር የሚያጣላ ሐኪም በእኔ አስተያየት ራሱን ያለ ረዳት ያስቀራል፤ የቀጠሮውን ቀን የሚያስታውሷት ብዙ ጊዜ አብረዋት የሚጠመቁት ናቸውና። በነገራችን ላይ ይህ ምድር መጠበቅን ያውቃል፤ የድጓ ተማሪዎች ከየአገሩ ወደ ጋይንቷ ቤተ ልሔም መጥተው፣ ምስክር እስኪሆኑ ድረስ ኮቸሮ እየበሉ ይቀመጡባታል። እነርሱ ግን የሚጠብቁትን ነገር ስም ያውቃሉ።

ከሁሉ የሚከብደው መርዶ ነው። በባህላችን የሞት ወሬ ለባለቤቱ በድንገት አይነገርም። ዘመድ ይመክራል፣ ሽማግሌ ይመረጣል፣ ሌሊቱ እስኪያልፍ ይጠበቃል፣ ማለዳ ቤቱ በሰው ሲከበብ ይረዳል። ዶክተር የውብዳር በየነ እ.ኤ.አ. በ1992 በአሜሪካ በሚታተም የሕክምና መጽሔት ላይ፣ በስደት ያሉ ኢትዮጵያውያን ታማሚዎች ክፉ ዜና በቀጥታና ለብቻቸው ሲነገራቸው ምን ያህል እንደሚጎዱ ጽፈዋል፤ ዜናው አስቀድሞ ለቅርብ ቤተሰብ ወይም ወዳጅ ቢነገር እንደሚሻልም አሳስበዋል። በሀገር ቤትም የሆነው ከዚህ የራቀ አይደለም። የውጤቱን ወረቀት የሚቀበለው ባል ወይም ወንድም ወይም ልጅ ነው፤ እርሱም «ትንሽ ቁስለት ነው አሉ» ብሎ ይዟት ወደ ቤት ይመለሳል። ውጤቱ ደርሷል፤ እርሷ ግን አሁንም እየጠበቀች ነው። የፋኒ በርኒ ሐኪሞች ሐሳብ በጋይንት መልኩ ይኸው ነው።

መርዶን እንደ ኋላ ቀርነት የሚያዩ ሐኪሞች አሉ፤ እኔ በዚህ አልስማማም። ሰውን ለብቻው አታርዳ፣ በምሽት አታርዳ፣ ሳታስብበት አታርዳ የሚለው የአባቶች ሥርዓት በቅርብ ጊዜ የሕክምና መጻሕፍት ከተጻፈው ምክር ጋር ብዙ አይራራቅም። ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ነው፦ መርዶ የተሠራው ለሞት ነው። ሞት ወሬው ቢዘገይ አይብስም፤ እባጭ ግን ይብሳል። በአንድ ወር መሸሸግ ውስጥ ሊወጣ የሚችለው ወደማይወጣ ይለወጣል። በእነርሱ ዘመን የሚታከም ክፉ ዜና ብዙ አልነበረም፤ በእኛ ዘመን አለ።

ስለዚህ ጥያቄው መቅረብ ያለበት ወሬው ከመድረሱ በፊት፣ ናሙናው በሚወሰድበት ቀን ነው። ውጤቱን ማን ቢነግርዎት ይወዳሉ? ብቻዎን ነው ወይስ ከሰው ጋር? ከማን ጋር? በመመርመሪያ መጠየቂያው ወረቀት ላይ የስልክ ቁጥር መጻፍ የተለመደ ሆኗል፤ የማን ስልክ እንደ ሆነ ግን አይጻፍም። በገጠር አንድ ስልክ ለአንድ ቤት ነው፤ የሚይዘውም ብዙ ጊዜ ባልየው ወይም ከተማ የሚውለው ልጅ ነው። ከባሕር ዳር የተደወለው ድምፅ ንፋስ መውጫ ደርሶ ሲያበቃ፣ ከገበያ ወደ ቀበሌው፣ ከቀበሌው ወደ ጓሮው ለመድረስ ሌላ ሳምንት ሊፈጅበት ይችላል። አንዲቱ ሴት «ለወንድሜ ንገሩት» ትላለች፤ ሌላዋ «ለእኔ ብቻ፣ ለማንም እንዳትሰጡ» ትላለች፤ ሦስተኛይቱ ደግሞ «እኅቴ በተገኘችበት» ብላ የእኅቷን ስም ታስጽፋለች። ሦስቱም መልሶች በቁጥሩ አጠገብ ሊሰፍሩ የሚችሉ ናቸው።